ጠብታን የያዘው ልብስ

ጥቅምት 6

ለምወድህ ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ድረስ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ያመኛል ያልከው ጉልበትህስ ተሻለህ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እኔ ከጆሮዬ በቀር ምንም አልሆንኩም፤ ጆሮዬንም ቢሆን የልብስ ፋብሪካው መኪና ድሮ በልቶ ስለጨረሰው ከእንግዲህ የሚጎድል ነገር የለውም። ደንበኞቼ እየጮኹ ያዝዙኛል፣ እኔ ከንፈራቸውን እያየሁ እሰፋለሁ። እስካሁን ቀሚስ አዝዛ ሱሪ ይዛ የሄደች የለችም።

የቤቱ ስልክ ግን ለእኔ ጌጥ ነው። አንተ ስትደውል የምታነሳው ጠብታ ናት፣ ያልከውን የምትነግረኝ እሷ፣ ያልኩትን የምትነግርህም እሷው። ስለ ራሷ ስለ ልጄ ማውራት ስፈልግ ታዲያ በማን አፍ ላውራ? ለዚህ ነው ብዕር ያነሳሁት። መልስህንም በቤት ሳይሆን በስፌት ሱቄ አድራሻ ላክልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቷ በዋና የሚቀለድባት አይደለችም። በመጋቢት መጨረሻ የማጣሪያ ውድድር አለ፤ ያለፈ ልጅ የወጣቶች ቡድን ውስጥ ይገባል፣ የትምህርቱንም ወጪ ቡድኑ ይችልለታል። አሠልጣኟ ጠርቶኝ የትልቁ ክለብ ልጆች ሁሉ አንድ ዓይነት የውድድር ልብስ እንደሚለብሱ ነገረኝ። ከትከሻ እስከ ጉልበት ሰውነትን ጭምቅ አድርጎ የሚይዝ ነው አለ። «ያለ እሱ መወዳደር፣ ሌሎቹ በስፖርት ጫማ ሲሮጡ የእኛዋ በሰንደል ትሩጥ እንደማለት ነው» አለኝ። እዚህ አይገኝም። አንተ ደግሞ እዚያ በውጭ አገር የመዋኛ ገንዳ ሠራተኛ ነህ፤ ከአንተ የተሻለ ማን ያውቃል?

እውነቱን ንገረኝ፤ ጨርቅ ሰው ያዋኛል? እኔ ዕድሜ ልኬን ስሰፋ ልብስ ሰውን ሲያሳምር እንጂ ሲያፈጥን አላየሁም። የሚጠቅማት ከሆነ ግን በፍርሃቴ ልከለክላት አልፈልግም። ፍርሃቴን ታውቀዋለህ። ገንዳው ዳር ስቀመጥ ዓለሙ ሁሉ ጸጥ ያለ ነው፤ ውሃ ውስጥ ሆና ብትጣራ አልሰማትም። ስለዚህ ዓይኔን አልነቅልም። ማስነጠስ ሲመጣብኝ እንኳ አፍንጫዬን ይዤ እመልሰዋለሁ።

ልኳን ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌዋለሁ። ከቻልክ ላክላት፤ ካልቻልክም አይክፋህ፣ ፈጣሪ ሌላ በር ይከፍታል።

ክፉ አይንካህ።
እህትህ


ኅዳር 11

ለእትዬ፣ ለእናቴ ምትክ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ፓምፕ ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ እጄ ክሎሪን እየሸተተ አነበብኩት። ጉልበቴ ተሽሎታል። የገንዳውን ዙሪያ መወልወል እንደማልተው ሲያውቅ እሱም ተስፋ ቆርጦ ዝም ብሏል።

ልብሱን በየውድድሩ አየዋለሁ። ልጆቹ እንዲያንሸራትትላቸው እግራቸውን ፌስታል ውስጥ ከትተው ነው የሚለብሱት። መልበሻው ክፍል ስለሚጠባቸው መጨረሻውን ኮሪደር ላይ ይወጡና አንዷ ሌላዋን ወገቧ ላይ ይዛ እንደ ጆንያ እያነሳች ታስገባታለች። ጥፍር ይሰበራል፣ ይለቀሳል፣ ይሳቃል። ውሃ ውስጥ ሲገቡ ግን ሌላ ሰው ናቸው።

አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሽማግሌ ነፍስ አድን አለ፤ «ይሄ ዋና አይደለም፣ የልብስ ገበያ ነው» ይላል። እሱ እንደሚለው ድሮ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ነበር፤ ሰውን እንደ ጀሪካን ሲያንሳፍፍባቸው ከለከሉት፣ አሁን የተፈቀደው አጠር ያለው ነው። በራችን ላይ የስፖርት ዕቃ የምትሸጠው ሴትዮ ደግሞ «የማይጠቅም ቢሆን ማን ይገዛኝ ነበር?» ትለዋለች። ሁለቱ ሲከራከሩ ሻይ ሳይጠጡ ዕረፍታቸው ያልቃል።

እኔን ካልሽኝ ሁለቱም እውነት አላቸው። ልብሱ ሥጋን ጠምዶ ይይዛል፣ ውሃ አይጠጣም፣ ሰውነትን ቀና አድርጎ ያስኬዳል። የማይዋኝን ግን አያዋኝም። ክፋቱ ሁሉም መልበሱ ነው፤ ሁሉም ከለበሰ ያልለበሰችው ገና ሳትዘል ወደ ኋላ ቀርታለች። አሠልጣኙ አልዋሸሽም።

ስለዚህ ገዛሁላት። የመጠኑን ነገር ለእኔ ተዪው፣ ከሴትዮዋ ጋር ጨርሰነዋል። ልኳን ሳየው ሳቄ መጣ፤ ለካስ ስሙን በከንቱ አላወጣሁላትም፣ ልጅቷ አሁንም ጠብታ ናት! አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወደዚያ ስለሚመጣ ይዞላት ይመጣል። አንቺ ግን አትፍሪ። ውሃ እየፈራሽ ዋናተኛ ያሳደግሽ ጉደኛ ነሽ።

ዕድሜሽን ያርዝመው።
ታናሽ ወንድምሽ


ታኅሣሥ 22

ለምወድህ ወንድሜ፣

እጅህ ይባረክ፣ ከሰው በታች አያድርግህ። ልብሱ ደርሷል፤ ያመጣውም ባልደረባህ ጨዋ ሰው ነው።

ከማሸጊያው ሳወጣው ተሳስተህ የላክኸው መስሎኝ ነበር፤ የሕፃን ካልሲ ነው የሚያክለው። እንደ ሙያዬ ግን ልቤን ሰረቀው። መርፌ የሚባል አልነካውም፣ ስፌቱ ሁሉ የተያያዘው በሙጫ ነው። ገልብጬ አየሁት፣ በብርሃን አየሁት፣ የሠራውን ሰው እጅ መሳም አማረኝ።

ከዚያ ልናለብሳት በሩን ዘጋን። እሷ ትጎትታለች፣ እኔ እገፋለሁ። ፌስታሉንም እንዳልከው አደረግን። ትከሻዋ ላይ ሲደርስ ሁለታችንም ላብ በላብ ሆነን ወለሉ ላይ ተቀምጠን ሳቅን። እኔ ቶሎ ሳቄን ተውኩ። ፊቷ ይስቃል፣ ትከሻዋ ይነሳል፣ ደረቷ ግን አይንቀሳቀስም። ሰው እየሳቀ ደረቱ ሲቆም አይተህ ታውቃለህ? እኔ መስማት ከተውኩ ወዲህ የሰውን ሳቅ የማውቀው በደረቱ ነው።

በማግሥቱ በልምምድ ላይ ለበሰችው። ወንድሜ፣ እንደዚያ ስትዋኝ አይቻት አላውቅም። አሠልጣኙ ሰዓቱን ዓይኔ ሥር አምጥቶ እያሳየኝ እንደ ልጅ ዘለለ። እኔ ግን የማየው እሷን ነበር። ጨርሳ የገንዳውን ጠርዝ እንደያዘች ቀረች። ሌሎቹ ወጥተው ፎጣ ለበሱ፣ እሷ ገና ጠርዙን ይዛለች። ከንፈሯ ቀለሙ ጠፍቶ ነበር። ምን ሆንሽ ስላት «ልብሱ እኮ እንዲህ ነው እማዬ፣ ይለመዳል» አለችኝ።

ስታወልቀው ትከሻዋና ጎኗ ላይ ገመድ የታሰረበት ይመስል ቀይ መስመር ነበር። በዘይት አሸሁላት። እባክህ እዚያ ያሉትን ልጆች ጠይቅልኝ፤ እውነት እንዲህ ነው ወይ? ፈሪ እናት ሆኜ ከሆነ ፈሪ ነሽ በለኝ፣ ደስ ይለኛል።

እህትህ


ጥር 20

ለእትዬ፣

ስለዘገየሁ ይቅር በይኝ። እዚህ ውድድር በውድድር ላይ ስለነበረ ቀና ብዬ አላየሁም። ደህና ናችሁ ወይ? እኔ ደህና ነኝ።

የጠየቅሽኝን ጠይቄያለሁ። ቀይ መስመር በሁሉም ላይ ይወጣል አሉኝ። ሴትዮዋ «ካልጠበቀ ልብሱ ሥራ ፈቷል ማለት ነው» ትላለች። ስለዚህ ፈሪ ነሽ። ይኸው አልኩሽ፣ ደስ ይበልሽ።

አንድ ነገር ልጻፈው ወይስ ልተወው እያልኩ ሳመነታ ነበር። ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ከውድድር ወጥታ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ወደ ጎን ዘንበል አለች። ነፍስ አድኑ ሮጦ ከትከሻዋ ላይ ልብሱን ቁልቁል ሲያወርድላት ትንፋሽ ገባላትና ተነሳች። ከዚያ በኋላ ሳቀች፣ ሙዝ በላች፣ ሄደች። ምንም አልነበረም። የምነግርሽ እንድትፈሪ አይደለም፣ ጠብታ ለብሳው ሆዷ ድረስ መተንፈስ መቻሏን እንድታዪልኝ ብቻ ነው።

ደግሞ ደውዬ ነበር። አነሳችና ስለ ልብሱ ስጠይቃት «ልክክ ነው ያለው አጎቴ፣ እማዬም ወዳዋለች» አለችኝ። እሷ ካለች ብዬ አንጀቴ ረጋ።

ፈጣሪ ይጠብቃችሁ።
ወንድምሽ


የካቲት 12

ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን አለህልኝ? ደውለህ ነበር? እኔ አልሰማሁም። አልሰማሁም ስልህ በጆሮዬ ማለቴ አይደለም፤ አልነገረችኝም። ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ «አጎትሽ ደውሎ ነበር እንዴ?» ስላት «ረስቼው» አለች። ይህች ልጅ የጎረቤት ድመት የወለደችበትን ሰዓት እንኳ አትረሳም።

ፈርቻለሁ። ከእንግዲህ ቀልድ የለም፤ ፈርቻለሁ። እራቷን ግማሹን ትተዋለች። ጠግቤያለሁ ትላለች፣ ዓይኗ ግን ሳህኑ ላይ ነው። በእነዚህ ጥቂት ወራት ልብሶቿ ሁሉ አጥረውባታል፣ ጉርድ ቀሚሷን ሁለት ጊዜ ለቅቄላታለሁ። ልጅቷ እየረዘመች ነው፣ ያ ልብስ ግን ያው ነው።

ስትተኛ መተንፈሷን በጆሮዬ ስለማልሰማ እጄን ጀርባዋ ላይ አድርጌ ነው የማየው፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ። ባለፈው እሑድ ከቀትር በኋላ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዷት እጄን አሳረፍኩ። ከሹራቧ ሥር የነካሁት ጀርባዋን አልነበረም፤ ያንን ልብስ ነው። ለብሳው ተኝታለች! ቀሰቀስኳት። «እንዲላላልኝ ነው» አለችኝ። አልላላም። ለአሠልጣኟ ነገርኩት፣ «ሰዓቷ እያማረ ነው፣ አሁን አንነካካት» አለ። ክፉ ሰው አይደለም። የእሱም ክለብ ዘንድሮ ልጅ ካላሳለፈ ሊዘጋ ነው፤ እሱም የራሱን ይፈራል።

መቼም መጠኑ ተሳስቶ አይደለም። አንተን እንዳላደክምህ ብዬ ሁሉን ነገር አስተካክዬ ነበር የላክሁልህ። ሁሌ በሙያዬ ለመተንፈሻ ጥቂት ጨምሬ ነው የምለካው፤ ለዚህ ልብስ ግን አሠልጣኙ ጠበቅ ይላል ስላለኝ፣ መጨመሩን ትቼ ከእውነተኛ ልኳ ላይ ከደረቷም ከወገቧም እየቀነስኩ ነው የጻፍኩልህ። ስለዚህ እዚያ የሚያስቸግርህ ነገር አልነበረም። ታዲያ ለምን እንዲህ ይሆናል?

ውድድሩ ቀርቧል። ሌላ ልብስ ላክ አልልህም። ምን ላድርግ የሚለውን ብቻ ላክልኝ።

እህትህ


መጋቢት 4

እትዬ፣

ሰላምታው ይቆየን።

አታልብሻት። ይህን ደብዳቤ አንብበሽ ሳትጨርሺ ሂጂና አስወልቂያት።

አንቺ መቀነስሽን አላወቅሁም። እኔም ቀንሻለሁ። ሴትዮዋ «ይህ ልብስ ከልኩ ዝቅ ተደርጎ ነው የሚገዛው» ስላለችኝ አንቺ ከጻፍሽው ዝቅ አድርጌ ገዛሁት። የመጠኑን ነገር ለእኔ ተዪው ያልኩሽ ይኸው ነው። ልኳ ትንሽ መሆኑን አይቼ መጠየቅ ሲገባኝ ሳቅሁ። በሐሳቤ ያለችው ያኔ ትቻት የመጣኋት ልጅ ናትና፣ ልክ ነው ብዬ አመንኩ። አንቺ እንዳልቸገር ብለሽ ቀነስሽ፣ እኔ እንዳትጨነቂ ብዬ ሳልነግርሽ ቀነስኩ። ልጅቷ የሁለታችንን ቅንነት ለብሳ ነው ውሃ ውስጥ የምትገባው።

ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ደወልኩ። ጠብታ አነሳች። ነገርኳት፣ ለመንኳት፣ ተቆጣኋት። «እሺ አጎቴ፣ ለእማዬ እነግራታለሁ፣ አልለብሰውም» አለችኝ። የአሠልጣኙን ስልክ ስጪኝ ስላት የሰጠችኝ ቁጥር አይሠራም። መልሼ ስደውል አነሳችና ታለከልካለች። ቁጭ ያለ ሰው ለምን ያለከልካል እትዬ? እናትሽን አቅርቢልኝ አልኳት። «አትሰማህም እኮ» አለችኝ። አለቀስኩ።

በእውነተኛ ልኳ ይሆናል ያልኩትን ሌላ ልብስ ልኬያለሁ፣ መቼ እንደሚደርስ ግን አላውቅም። እሱን አትጠብቂ። በአሮጌው ትዋኝ፣ ወይም አትዋኝ።

ይህ ወረቀት እንዲደርስሽ ፈጣሪን እየለመንኩ ነው። ከእሱ በቀር አንቺ ዘንድ የሚያደርሰኝ ነገር የለም።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 3

ለምወድህ ወንድሜ፣

በመጀመሪያ ልብህን አሳርፍ፤ ልጃችን አለች። አሁን እየጻፍኩልህ ውጭ ልብስ ታሰጣለች። ከዚህ በኋላ ያለውን ተረጋግተህ አንብብ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ በውድድሩ ቀን ጠዋት ነው። እሷ ከአሠልጣኟ ጋር ቀድማ ሄዳ ነበር፤ እኔ አንድ ሙሽራ የምትወስደውን ልብስ ልጨርስ ሱቅ ገብቼ ነበር። ፖስተኛው በመስኮት ሰጠኝ። ቆሜ አነበብኩት። ሜትሩ አንገቴ ላይ፣ መቀሱ እጄ ላይ እንዳለ ወጣሁ፣ ሱቁንም አልቆለፍኩም። የታክሲው ሹፌር በመስታወት መቀሱን እያየ ነዳ፤ ስወርድ ሒሳብም አልጠየቀኝ።

መልበሻ ክፍል ስገባ ለብሳ ጨርሳለች። ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፣ ሌሎቹ ልጆች ያወራሉ፣ እሷ አታወራም። ደብዳቤህን ፊቷ ላይ ዘረጋሁት። አነበበችው። ስትጨርስ አጣጥፋ መለሰችልኝ።

«ያፈጥነኛል እኮ እማዬ» አለችኝ፣ ከንፈሯን እንዳነብ ቀስ ብላ።

«እንዴት ነው የሚያፈጥንሽ?»

ግድግዳውን ለቅቃ ወደ እኔ ጠጋ አለች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤ «ውሃው ውስጥ አየር አይበቃኝም። ግድግዳው ጋ ካልደረስኩ የምሞት ይመስለኛል። ለዚያ ነው ቶሎ የምደርሰው።»

ወንድሜ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ፍርሃት ምን እንደሆነ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ስንት ጊዜ ገንዳው ዳር ተቀምጬ ዓይኔን ሳልነቅል ሳያት ኖርኩ፤ ሁሉም እያጨበጨበላት፣ አሠልጣኙ ሰዓቱን እያሳየኝ፣ እኔ ፊት ለፊት ልጄ ከሞት እየሸሸች ነበር። ልብሱ አልነበረም ያፈጠናት። ፍርሃቷ ነው።

መቀሱን ከብብቷ ሥር አስገባሁ። ራሷ ክንዷን አነሳችልኝ። ስቆርጠው ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞረ፤ ለካስ ያ ጨርቅ ሲቀደድ ይጮኻል። እኔ ያየሁት ጎኗ ሲሰፋ ነው። ሰፋ፣ ሰፋ፣ ከዚያ አለቀሰች፣ በደንብ፣ ደረቷ እየተነሳ። አሠልጣኙ ከበሩ ላይ ሆኖ ጭንቅላቱን ይዞ ነበር፤ ምን እንዳለ አላየሁለትም፣ ላየውም አልፈለግኩም።

በአሮጌው ልብሷ ዋኘች። አላለፈችም። የቀደሟት ሁሉ ያንን ዓይነት ልብስ የለበሱ ነበሩ፣ በልካቸው። በኋላ አንተ የላክኸው ትልቁ ሲመጣ ሞከረችው፤ ደረቷ ሞልቶ ተነፈሰችበት። አሠልጣኙ ሲለካት ከአሮጌው ትንሽ ፈጠነች፣ በጣም ትንሽ። «ጨርቅ ሰው ያዋኛል?» ብዬ ለጠየቅኩህ መልሱ ይሄ ይመስለኛል። ለዚያች ለትንሿ ነገር ብለን ነበር።

ፍርሃቴ ግን አላለቀም። ባለፈው ሳምንት አሠልጣኙ ሱቄ መጣ። ጠብታ በዚያ በጠባቡ ልብስ ያስመዘገበችውን ሰዓት ሊረሳው አልቻለም። ክለቡ ውስጥ ላሉ ሦስት ትንንሽ ልጆች ልክ እንደ እሷው እየቀነስኩ እንድለካለት፣ አንተም እንደዚያው እየቀነስክ እንድትልክ ለመነኝ። «ለእሷ ያደረጋችሁትን ለእነሱም አድርጉ» ነው ያለኝ። አይሆንም አልኩት። የልጆቹ እናቶች መጡ። ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው፤ አንዷ ወደ ሌላዋ ዞር ብላ «የራሷ ልጅ ብቻ እንድትፈጥን ነው» አለች። የማይሰማ ሰው የማያይ ይመስላቸዋል። ሌላ ሰፊ ፈልገው እንደሚያስለኩ ተነጋግረው ወጡ።

ለጠብታ ነገርኳት። ያንን የቆረጥኩትን ልብስ ከመሳቢያ አውጥታ ፌስታል ውስጥ ከተተችና ወደ ገንዳው ሄደች። ተቀምጬ በሩን በሩን ሳይ ዋልኩ። ለልጆቹ ምን እንዳለቻቸው አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። አመሻሽ ላይ ስትመለስ ግን ሦስቱም ልጆች አብረዋት መጡ፣ ጸጉራቸው እንደረጠበ። ሱቄ ውስጥ ተደርድረው ቆሙ።

ሜትሩን አንስቼ ወደ ትንሿ ጠጋ አልኩ። ልጅቷ ሁለት እጇን ግራና ቀኝ ዘረጋች፣ ጉንጯ እስኪቀላ አየር ስባ ደረቷን ሞላች፣ «እንዲህ ሆኜ ለኪኝ» አለችኝ።

ለካኋት።

እህትህ